የጂአይኤስ ሰርተፍኬት እንዴት ይመረጣል? ብር ከመክፈላችሁ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች በቅደም ተከተል

«የጂአይኤስ ሰርተፍኬት የት ብማር ይሻለኛል?» ብላችሁ ከምትጠይቁኝ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ከከፈላችሁ በኋላ ነው። ያኔ ምን ልበላችሁ? (ለአዲሶች፦ ጂአይኤስ ማለት የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ካርታ ላይ ማስቀመጥና መተንተን ነው።)

እኔም የተበላሁት እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያ ሰርተፍኬቴን ይዤ ለሥራ ቅጥር የተግባር ፈተና ቀረብኩ። አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የውኃ ጉድጓዶች ዝርዝር ያለበት የኤክሴል ሰንጠረዥ ተሰጠኝ፣ ከጎኑ ኮኦርዲኔት (ቦታውን የሚያመለክቱ ቁጥሮች) አለው። «ካርታ ላይ አስቀምጥና በየወረዳው ስንት እንዳለ ንገረን፤ 30 ደቂቃ አለህ» ተባልኩ። አስገባሁት። ነጥቦቹ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ ከሰርዲኒያ ደሴት ወረድ ብሎ ተንሳፈፉ። ኬክሮስና ኬንትሮሱን አገላብጬ ነበር የከተትኩት። ፈታኙ ስክሪኑን አየት አድርጎ «በቃ ወደብ አገኘን ማለት ነው» አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ስማር ዳታው ተስተካክሎ፣ ተጠርቶ ነበር የሚሰጠን፤ የኛ ሥራ አስተማሪው የጫነውን መጫን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ደረጃዎቹን አትዝለሉ። ተቋም የሚመረጠው ከአምስተኛው ደረጃ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት «ቦታ እያለቀ ነው፣ ቶሎ ተመዝገቡ» ቢሏችሁም ኪሳችሁን አትንኩ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

አንድ ደብተር። ላፕቶፕ፣ የራሳችሁ ካልሆነም ለሁለት ሳምንት የምትዋሱት። ቢያንስ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ። በሳምንት ሦስት አራት ምሽት። የዋይፋይ ችግር ካለባችሁ ፋይሎቹን አንድ ቀን በርከት ያለ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አውርዷቸው፤ በሞባይል ዳታ ከሞከራችሁት ካርዱ ያልቅና ፋይሉ ግማሽ ላይ ይቀራል።

## ደረጃ 1፦ አሥር የሥራ ማስታወቂያ ሰብስቡ

ከትምህርት ቤቱ ብሮሹር አትጀምሩ። ከሥራው ጀምሩ።

«ጂአይኤስ» የሚል ቃል ያለባቸውን፣ በቅርብ ወራት የወጡ አሥር ማስታወቂያዎች ፈልጉ። ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ የሚፈልጉት ሶፍትዌር፣ የሚያሠሩት ሥራ፣ የሚጠይቁት የትምህርት ደረጃ። ከየማስታወቂያው እያነበባችሁ ሙሉ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ አትቸኩሉ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

የመሬት ይዞታ ምዝገባና ካዳስተር ላይ የሚሠሩ ቢሮዎች የቁራሽ መሬት ወሰን፣ ቅየሳና ጂፒኤስ ይላሉ። የእርዳታ ድርጅቶች በስልክ የተሰበሰበ መረጃ ማጥራት፣ ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ የተሠራ መጠይቅ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚደርስ ካርታ ይፈልጋሉ። ግብርናና ደን ላይ ያሉት የሳተላይት ምስል መተንተን ይላሉ። ሦስቱ በስም ጂአይኤስ ይሁኑ እንጂ የሚማሩት ትምህርት ለየቅል ነው። «ሁሉንም ነገር እናስተምራለን» የሚል የስድስት ሳምንት ሥልጠና ሦስቱንም በደንብ ሊያስተምራችሁ አይችልም።

አንዱን ምረጡና ከበቡት።

ችግር ሲመጣ፦ ከአሥሩ ስምንቱ «ዲግሪ በጂኦግራፊ፣ በቅየሳ ወይም በተመሳሳይ» ካሉና የናንተ ዲግሪ ሌላ ከሆነ፣ አጭር ሰርተፍኬት ያንን ክፍተት አይደፍነውም። ተስፋ አትቁረጡ፣ ግን አቅጣጫ ቀይሩ። በራሳችሁ ሙያ ማስታወቂያ ውስጥ ጂአይኤስ «ተፈላጊ ተጨማሪ ችሎታ» ተብሎ የተጠቀሰበትን ፈልጉ። የጤና መኮንን፣ የመስኖ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ ጂአይኤስ ሲያውቅ ይፈለጋል። ምንም ሙያ ሳይኖረው ካርታ ብቻ የሚሠራ ሰው ግን ብዙ ነው፤ እንደኔ እንደኔ እዚያ ሰልፍ ውስጥ ባትገቡ ይሻላል።

## ደረጃ 2፦ የወረቀቱን ዓይነት ለዩ

እኛ ሁሉንም «ሰርተፍኬት» ነው የምንለው። መበላላቱ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ተገኝታችኋል የሚል ወረቀት ነው። ፈተና የለውም። ሲቪ ላይ አንድ መስመር ይሞላል፣ በቃ።

ሁለተኛው የተከታታይ ትምህርት ሰርተፍኬት ነው። ዩኒቨርሲቲ ወይም ማሠልጠኛ ይሰጠዋል፤ ሥራና ፈተና ሊኖረው ይችላል፣ ግን ክሬዲት አይቆጠርበትም። ነገ ዲግሪ ልማር ብትሉ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

ሦስተኛው ክሬዲት ያለው ነው። ይወደዳል፣ ይረዝማል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ወደ ዲግሪ ወይም ወደ ማስተርስ ሊታሰብላችሁ ይችላል። ምን ያህሉ እንደሚታሰብ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቃል ብቻ አትቀበሉ።

አራተኛው የሙያ ማረጋገጫ ነው። አሜሪካ ያለው ጂአይኤስፒ የሚባለው አንዱ ነው። የአራት ዓመት የሥራ ልምድና ፈተና ይጠይቃል። አንድም ካርታ ለደመወዝ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው «ለጂአይኤስፒ እናበቃሃለን» የሚል ማሠልጠኛ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

ደረጃ 1 ላይ የከበባችሁት ሥራ ከአራቱ የትኛውን እንደሚፈልግ ጻፉ።

## ደረጃ 3፦ ላፕቶፓችሁን ፈትሹ

በጣም ቀላሉ ደረጃ ነው፣ ሰው ግን ከከፈለ በኋላ ያስታውሰዋል።

አርክጂአይኤስ ፕሮ የሚባለው የሚከፈልበት የጂአይኤስ ሶፍትዌር የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው። ማክ ካላችሁ በቀጥታ አይጫንም። 8 ጊጋባይት ራም ዝቅተኛው ነው፤ 16 ካልሆነ ግን አንድ የሳተላይት ምስል ከፍታችሁ ቡና አፍልታችሁ ትመለሳላችሁ። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ሌላ የጂአይኤስ ሶፍትዌር ግን ነፃ ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይጫናል፣ ደከም ያለ ኮምፒውተርም ይችለዋል። ማስታወቂያዎቻችሁ አርክጂአይኤስ ብቻ ካሉና ላፕቶፓችሁ ካልቻለ፣ የራሱ ላብራቶሪ ያለውና ከክፍል ሰዓት ውጪም የሚከፍት ተቋም ነው የምትፈልጉት። ይህንንም ደብተሩ ላይ ጻፉ።

## ደረጃ 4፦ ሁለት ሳምንት በነፃ ሞክሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ይህን ሳይሞክር የከፈለ ሰው አውትላይን (የትምህርቱን ዝርዝር ይዘት) ቢሰጡት እንኳ ማንበብ አይችልም።

ሀ. ኪውጂአይኤስን አውርዱ። አዲሱን ሳይሆን ለረጅም ጊዜ የሚደገፈውን ቅጂ ምረጡ፤ ብዙም አያስቸግርም።

ለ. ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ። አሥር ቦታ ላይ ቁሙና ኮኦርዲኔቱን መዝግቡ፦ ቤታችሁ በር፣ የታክሲ ተራው፣ ሱቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ መሥሪያ ቤታችሁ። ዝም ብላችሁ ከኢንተርኔት አትቅዱ። ቦታውን በእግራችሁ ስለምታውቁት ካርታው ሲሳሳት ወዲያው ትነቃላችሁ።

ሐ. ኤክሴል ላይ ሦስት ዓምድ ሥሩ፦ ስም፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ። ስሙን በአማርኛ ጻፉ። ሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ) አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ አማርኛው እንዳይበላሽ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን መምረጥ አትርሱ።

መ. ወደ ኪውጂአይኤስ አስገቡ። ኤክስ የሚለው ላይ ኬንትሮስ፣ ዋይ የሚለው ላይ ኬክሮስ። የኮኦርዲኔቱ ሥርዓት መለያ ቁጥር 4326። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ኬክሮሱ 9 አካባቢ፣ ኬንትሮሱ ወደ 38.7 የሚጠጋ መሆን አለበት።

ሠ. ሌየሩን (ካርታው ላይ የገባውን የነጥቦች ንብርብር) በሜትር ወደሚለካ የኮኦርዲኔት ሥርዓት ቀይሩ። ዞን 37 ሰሜን (ዞን ማለት ምድር በኬንትሮስ የተከፈለችበት ቁራጭ ነው)፣ ቁጥሩ 32637። ከበራችሁ እስከ ታክሲ ተራው ለኩና በእግራችሁ ከምታውቁት ርቀት ጋር አስተያዩ።

ዞኑ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ ሦስት ዞን ውስጥ ናት የምትወድቀው። አብዛኛው 37 ነው፤ ጋምቤላ ከተማ 36፣ ጅግጅጋ ደግሞ 38 ውስጥ ናቸው። ጋምቤላን በ37 የሚሠራ ሰው አይቻለሁ። ካርታው ያምራል፣ ልኬቱ ግን ቀስ እያለ ይሳሳታል።

ችግር ሲመጣ፦

ነጥቦቹ ባሕር ላይ ከወደቁና አጠገባቸው ሰርዲኒያ ካለች፣ የኔን ስህተት ሠርታችኋል። ሁለቱን ዓምዶች አቀያይሩ።

ከምዕራብ አፍሪካ በታች፣ የምድር ወገብ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ከታየ፣ ኮኦርዲኔታችሁ ዜሮ ሆኖ ነው የገባው። ሰንጠረዡ ውስጥ ዜሮ የተሞላበት ረድፍ ፈልጉ።

የአማርኛው ስም የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ከሆነ፣ ሲኤስቪው በዩቲኤፍ-8 አልተቀመጠም። እንደገና አስቀምጡት። ሼፕፋይል በሚባለው የድሮ የካርታ ፋይል ዓይነት ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ የዓምድ ስም ከ10 ፊደል በላይ አይቀበልም፣ አማርኛውንም ሊያበላሸው ይችላል። ጂኦፓኬጅ በሚባለው ሌላ የፋይል ዓይነት አስቀምጡና ተገላገሉ።

ነጥባችሁ ከድሮ ካርታ ጋር ሲነባበር ከ200 ሜትር በላይ ፈቀቅ ካለ፣ ስልካችሁ አልተሳሳተም። ካርታ ሥራዎች (የመንግሥቱ የካርታ ድርጅት) ያሳተማቸው የቀድሞ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፤ የስልካችሁ ጂፒኤስ ግን በሌላ፣ ዓለም አቀፍ በሆነው ነው። የድሮውን ካርታ በኮኦርዲኔት ሥርዓት ቁጥር 20137 (የአዲንዳን ዞን 37 ሰሜን) አስገቡና ሶፍትዌሩ ያስታርቃቸው። በእጃችሁ ጎትታችሁ አታስተካክሉ። አደራ።

ሁለት ሳምንቱ ካለቀ በኋላ አስጠልቷችሁ ከሆነ እሰየው፣ ብራችሁ ተረፈ። ደስ ካላችሁ ሌሎች ነፃ ነገሮችም አሉ። አርክጂአይኤስን የሚሠራው ኩባንያ ኤስሪ ራሱ በየጊዜው የሚከፍታቸው ነፃ የኦንላይን ኮርሶች ሶፍትዌሩን ለኮርሱ ጊዜ ያስጠቅማሉ፣ ሲያልቅ ወረቀትም አላቸው። የናሳው (የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት) የሥልጠና ፕሮግራም አርሴት ደግሞ የሳተላይት ምስል ሥልጠና በነፃ ይሰጣል፤ በቀጥታ ተከታትሎ የቤት ሥራውን በጊዜው ላስገባ ሰው ማረጋገጫ ይልክለታል። የምትከፍሉበት ሰርተፍኬት ከነዚህ የሚበልጥበትን ነገር ልታዩ ይገባል። ካላያችሁ ለምን ትከፍላላችሁ?

## ደረጃ 5፦ አውትላይኑን ተቀብላችሁ አንብቡ

ሦስት ተቋም ምረጡ። ከሦስት በላይ አትሂዱ፣ ግራ ይገባችኋል። የሀገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ወይም ማሠልጠኛ አንድ፣ የኦንላይን አንድ፣ ሦስተኛው እንደ አቅማችሁ። ናይሮቢ ያለው አርሲኤምአርዲ (የካርታ ሥራ ቀጠናዊ ማዕከል) ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ተቋም ነው፣ አጫጭር ሥልጠና ይሰጣል። ኮርሴራ ላይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተከታታይ ኮርስ አለ።

ከሦስቱም ዝርዝር አውትላይን ጠይቁ። አንድ ገጽ ብሮሹር አውትላይን አይደለም። በየሳምንቱ ምን እንደሚሠራ የሚል መሆን አለበት። ከዚያ እስክሪብቶ ያዙ።

የኮኦርዲኔት ሥርዓት ስንት ሰዓት ተሰጥቶታል? በመጀመሪያው ቀን በስላይድ ብቻ ታልፎ ከሆነ አጥፉት። ያልተስተካከለ ዳታ ማጥራት አለ? ሰንጠረዥ ከካርታ ጋር ማጣመርስ? የመጨረሻ ሥራው ተማሪው ራሱ በሰበሰበው ዳታ ነው ወይስ በተዘጋጀ?

ከነዚህ ሁሉ በላይ፣ አርክማፕን (የቀድሞውን የኤስሪ ፕሮግራም) ዋናው ሶፍትዌር አድርጎ የሚያስተምር ከሆነ ተጠንቀቁ። ኤስሪ ለአርክማፕ የሚሰጠው ድጋፍ ማብቂያ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2026 ነው፤ ተተኪው አርክጂአይኤስ ፕሮ ነው። የድሮ ቢሮዎች ውስጥ አርክማፕ ሲሠሩበት ልታዩ ትችላላችሁ፣ እውነት ነው። ግን ለድሮ ሶፍትዌር አዲስ ብር አይከፈልም።

ችግር ሲመጣ፦ «አውትላይኑን ከተመዘገባችሁ በኋላ እንሰጣለን» ካሉ፣ ያንን ተቋም ሰርዙትና ሌላ ፈልጉ። ክርክር አያስፈልገውም።

## ደረጃ 6፦ ደውሉ

በጽሑፍ ብቻ አትጠይቁ። ስልክ ላይ ድምፅ ይናገራል። ንግግሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ ጂአይኤስ ሥልጠናው ልጠይቅ ነበር።»

«አቤት። ሁለት ወር ነው፣ ቅዳሜና እሁድ።»

«ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁሉም በተግባር ነው።»

«ጥሩ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ስንት ሰው ነው የሚቀመጠው?»

«እ... እንደ ተመዝጋቢው ብዛት ነው።»

«ያለፈው ዙር ተማሪዎች የሠሩትን የመጨረሻ ሥራ መጥቼ ማየት እችላለሁ?»

እዚህ ላይ ቆም በሉና አድምጡ። «ይምጡ፣ ማክሰኞ አስተማሪው አለ» ካሏችሁ ሂዱ። «ሰርተፍኬታችን የታወቀ ነው» ብለው ወሬ ከቀየሩ መልሱ ደርሷችኋል።

ከሄዳችሁ አስተማሪውን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የአዲንዳን ካርታና የስልክ ጂፒኤስ ነጥብ ሲነባበር ለምን ይፈናቀላል?» በሁለት ዓረፍተ ነገር ካስረዳችሁ ጥሩ እጅ ላይ ናችሁ። በፈገግታ ካለፈው ደግሞ እናንተ ከሱ አንድ እርምጃ ትቀድማላችሁ ማለት ነው።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ልትጠቀሙበት ከሆነ፣ ወረቀቱን ይቀበሉት እንደሆነ ማሠልጠኛውን አትጠይቁ። የምትቀጠሩበትን ቢሮ የሰው ኃይል ክፍል ጠይቁ። ሻጭ ዕቃዬ መጥፎ ነው አይልም።

## ደረጃ 7፦ እውነተኛውን ዋጋ ደምሩ

የምዝገባው ዋጋ ብቻ አይደለም። ትራንስፖርቱን፣ ኢንተርኔቱን፣ ከሥራ የምትቀሩበትን ቀን ደምሩ። በተለይ የሶፍትዌሩን ፈቃድ ጠይቁ፦ ትምህርቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል? የተማሪ ፈቃድ ብዙ ጊዜ ጊዜ አለው። ሥራችሁን በሙሉ በአርክጂአይኤስ ፋይል ብቻ አስቀምጣችሁ ፈቃዱ ካለቀ፣ የገዛ ሥራችሁን መክፈት ያቅታችኋል።

የኦንላይኑ በየወሩ የሚቆርጥ ከሆነ መዘግየት ዋጋ አለው። የሁለት ወሩን ኮርስ በስድስት ወር ከጨረሳችሁት ሦስት እጥፍ ከፈላችሁ። ኮርሴራ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለው፤ ከመክፈል በፊት እሱን ሞክሩ። ከኢትዮጵያ ሆናችሁ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ከሌላችሁ፣ ዘመድ በየወሩ እየከፈለ እንዲቆይላችሁ ከመለመን አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቀውን ብትፈልጉ ይሻላል። ዘመድም ይሰለቻል።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፦ ክሬዲት የሌለው የተከታታይ ትምህርት ብዙውን ጊዜ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ አይሸፍነውም። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክሬዲት ያለው ሰርተፍኬት ግን እንደ ፕሮግራሙ ሊሸፈን ይችላል። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ የኖርዘርን ቨርጂንያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ተመልከቱ፣ የጂአይኤስ ሰርተፍኬት አለው። የገንዘብ እርዳታ ቢሮውን በቀጥታ «ይህ ፕሮግራም ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ኮሌጁ ብቁ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም፤ የምትጠይቁት ስለ ፕሮግራሙ ነው።

አሁን ክፈሉ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ገንዘብ የሚመለስበትን ቀንና ሁኔታ በጽሑፍ ያዙ።

## ደረጃ 8፦ ክፍል ውስጥ የራሳችሁን ዳታ አስገቡ

ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አስተማሪው በሰጠው ዳታ የሠራችሁትን ማታ በራሳችሁ ወረዳ ድገሙት። ስትጨርሱ በእጃችሁ ሦስት ካርታ ይኑር፦ አንድ ራሳችሁ ከሰበሰባችሁት ነጥብ፣ አንድ ከሳተላይት ምስል፣ አንድ ሰንጠረዥና ወሰን ተጣምሮ። በየካርታው ሥር ዳታው ከየት እንደመጣና ምን እንዳስቸገራችሁ አምስት መስመር ጻፉ። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያወራላችሁ ይሄ ነው። የሳተላይት ምስል ለማግኘት አትክፈሉ፤ ሴንቲኔል-2 በ10 ሜትር፣ ላንድሳት በ30 ሜትር በነፃ ይወርዳሉ።

## ከከፈላችሁ በኋላ ነገሩ ካልሆነስ?

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ከሆናችሁ፦ አውትላይኑን ይዛችሁ ሂዱና ያልተሰጠውን በጣታችሁ አሳዩ። በጨዋ ቋንቋ፣ በጽሑፍ። «አልተመቸኝም» ካላችሁ ይሸኟችኋል፤ «ሦስተኛው ሳምንት ላይ የተጻፈው አልተሰጠም» ካላችሁ ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆንባቸዋል።

መሐል ላይ ከሆናችሁ፦ አታቋርጡ። ከክፍሉ ሁለት ሦስት ትጉ ሰው ፈልጉና ቅዳሜ ከሰዓት ላብራቶሪው እንዲከፈትላችሁ ጠይቁ። እኔን ያዳነኝ እንዲህ ያለ ቡድን ነው፣ አስተማሪው አይደለም።

ጨርሳችሁ ምንም እንደማታውቁ ከተሰማችሁ፦ ሌላ ሰርተፍኬት ለመግዛት አትሩጡ። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና ራሳችሁን ፈትኑ። ሰዓታችሁን 30 ደቂቃ ላይ ሙሉ። አንድ ጓደኛችሁ 40 ነጥብ ያለው ሰንጠረዥ ይላክላችሁና በየወረዳው ቁጠሩ። ጓደኛችሁን ከመላኩ በፊት ጥቂት ረድፎች ላይ ኬክሮስና ኬንትሮሱን እንዲያገላብጥባችሁ ንገሩት፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይንገራችሁ።